ልብ በሉ

«ልብ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለች ባለሱቋ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል።

ልብስ ሰፊው አገጩን ወደ ደረቱ አወረደና እዚያው ተወው። አዎ ማለቱ አልነበረም፤ ባለሱቋ ግን እንደ አዎ ቆጠረችለት።

«ወይኔ ልጄን! የእኔም አክስት በልብ ነው የሄደችው። ልብ እኮ ደህና ሰንብቱ እንኳ አያስብልም።»

«ሻይ ነው» አለ ጡረታ የወጣው ሾፌር ከግድግዳው ሥር። «ተማሪዎቹ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው በላይ በላዩ ይጋቱታል። ሻይ ደግሞ ደም ያሯሩጣል።» የእሱ ብርጭቆ ለስንተኛ ጊዜ እንደተሞላ ባይጠየቅ ይሻላል።

«ኧረ ስልክ ነው እቴ!» አለች ሌላዋ ለቀስተኛ። «ደረታቸው ላይ አድርገውት አይደል የሚተኙት?»

«በስልክ ቢሆንማ የእኔዎቹ እስከ ዛሬ አንድም አይተርፉም ነበር» አለች ባለሱቋ። ወዲያው የተናገረችው ከነከናትና አንገቷን ደፋች።

በዚያ ሰሞን በሰፈሩ ስለ ልብ የማያውቅ ሰው አልቀረም። የገባው ሁሉ አንድ የልብ ታሪክ ይዞ ይገባል፤ ሲወጣ ሁለት ይዞ ይወጣል።

የለቅሶው ቤት ወትሮ የስፌት ክፍል ነው። የስፌት መኪናውን ወደ ጥግ ገፍተው አንሶላ አልብሰውታል፤ ጠያቂዎች ግን ከአንሶላው ሥር ያለውን ስለማያስቡ ሻያቸውን እላዩ ላይ ያስቀምጣሉ። ብርጭቆ ኳ ባለ ቁጥር የሰፊው ትከሻ ትንሽ ይሰበቃል። ግድግዳው ላይ ያላለቁ ልብሶች እንደተሰቀሉ ናቸው። ከእነሱ መሐል አንድ የሙሽራ ኮት አለ፤ እጅጌው ገና አልተገጠመም። ባለቤቱ ትናንት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ «ያጽናችሁ» ሲል ዓይኑ ኮቱ ላይ ነበር። ምን ያድርግ፤ ሠርግ አይጠብቅም። ለቅሶ ቤት ደግሞ «እጅጌዬስ?» አይባልም።

«ልብ» የሚለውን ቃል ወደ ቤቱ ያስገቡት ዳይሬክተሩ ናቸው። ዳይሬክተሩ የሰፊው ሚስት ታላቅ ወንድም ናቸው። ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ ቆይተዋል፤ ስሙ ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። የሰፊውን ወንድ ልጅ አስከሬን ሊያመጡ ሄደው የነበሩት እሳቸውና ሰፊው ነበሩ። የሆስፒታሉ ሐኪም ነገሩን ሳያሽሞነሙን ተናገረ፦ ልጁ አብዝቶ ጠጥቷል፤ በጀርባው ተኝቶ ሳለ አስታወከው፤ ትንፋሹ ተዘጋ። መልስ ላይ ዳይሬክተሩ ከመኪናው የፊት ወንበር ዞር ብለው፦

«ጠያቂ ሲመጣ ልብ በሉ» አሉት።

«እሺ ጋሼ፣ እንጠነቀቃለን።»

«ተጠንቀቁ አላልኩህም! ‹ልብ› በሉ ነው የምልህ። የልብ ሕመም። ልብ የተከበረ በሽታ ነው፤ ሚኒስትርም ይሞትበታል።»

ሰፊው «እሺ» አለ። እህታቸውን ካገባ ጀምሮ ለዳይሬክተሩ «እሺ» ሲል ነው የኖረው፤ አፉ ለምዶታል። ለሚስቱም፣ ለሴት ልጁ ለሚጣም ልብ ተባለ።

እናትየው ግን ቃሉን እንደ ሌላው ሰው ሰምታ አላለፈችውም። «መቼ ጀመረው? ለምን አልነገረኝም? ከእኔ ወገን ነው የወረሰው?» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን ለፊቷ ወለል። ከዚያ ሚጣን ትጠራታለች። ሚጣ ሻይ የያዘውን ትሪ አስቀምጣ ትመጣለች። እናት ጆሮዋን የልጅቷ ደረት ላይ ለጥፋ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ክፍሉም ጸጥ ይልላታል። «አሁንስ ደህና ይመታል» ትላለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትጠራታለች። ሰፊው ይህን ባየ ቁጥር ወደ ውጭ መውጫ ሰበብ ይፈልጋል።

*

ልጁ ስም የወጣለት የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ነው። የጎረቤት ዶሮ እግሯ ተሰብሮ እያነከሰች ግቢያቸው ገባች። ልጁ ከአባቱ የስፌት መኪና ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቃቅሞ፣ ዶሮዋን በጉልበቱ ይዞ፣ እግሯን ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመላት። ሥራው የሚያስመሰግን ነበር። ጉድለቱ፣ የጠመጠመላት ደህናውን እግር መሆኑ ነው። ዶሮዋ በሁለቱም እግሯ መቆም አቅቷት በክንፏ ስትቀዝፍ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ከሁሉ በላይ የሳቀው አባትየው ነው። «ዶክተር! ኧረ ዶክተር!» አለ፤ ቀልድ ሲያገኝ አይለቅም። ዶሮዋ ማምሻውን ድስት ገባች። ስሙ ግን ቀረ።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ልጁ በትምህርቱ ሲጎብዝ ሙገሳ ሆነ። ሕክምና ሊማር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ትእዛዝ ሆነ፤ መቼ እንደተለወጠ ግን ማንም አላየም። ነጩን ጋውን አባቱ ራሱ ሰፋለት፤ አንገቱን ሁለት ጊዜ ፈትቶ እንደገና ገጠመው። ልጁ ጋውኑን ለብሶ በሰፈሩ ሲያልፍ ባለሱቋ ከመደብሯ ወጥታ እልል ብላለች።

*

ከሰዓት በኋላ አንድ አንገተ ረጅም ልጅ በሩ ላይ ቆመ። ሰፊው ሰውን ከፊቱ በፊት በልብሱ ነው የሚያየው፤ የልጁ እጅጌ አጥሮበት የእጁ አንጓ ወጥቷል።

«እኔ ሽቦ ነኝ» አለ ልጁ።

ሽቦ! ስሙን በስልክ ያውቀዋል። «ሽቦ ሰላም ነው? ሽቦ ይበላል ወይስ እንደ ስሙ ነው?» እያለ የገዛ ልጁን ይጠይቀው ነበር። የዶርም ጓደኛው ነው። ሰፊው ተነሥቶ አቀፈው፤ አጥንቱን አቀፈ ማለት ይቀላል። ከዚያ እጁን ይዞ ወደ ጓሮ፣ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ወሰደው።

«ውስጥ ልብ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለ ሽቦ።

«ይላሉ።»

«እርስዎስ ያውቃሉ?»

«መጠጡን አውቃለሁ። ሐኪሙ ነግሮኛል። ከመጠጡ በፊት ያለውን ነው የማላውቀው።»

ሽቦ ገመዱን ያዘ። ከአንዱ የልብስ መቆንጠጫ ወደ ሌላው እጁን እያዘዋወረ ነበር የሚያወራው።

«እንቅልፍ እምቢ አለው ጋሼ። ሁለተኛ ዓመት ላይ። ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ጣራ ያያል፤ ጠዋት ፈተና ላይ ያነበበው ይጠፋበታል። አንድ ማታ ጠጣና ተኛ። መድኃኒቱን ያገኘ መሰለው። እኛም እንጠጣለን፣ አልዋሽዎትም፤ አርብ አርብ ሁሉም ይጠጣል። እሱ ግን አርብን አስረዘመው።»

«የሚረዳ ሰው የለም እዚያ? ትልቅ ቤት አይደለም እንዴ?»

«የምክር ቢሮ አለ። ወስጄው ነበር። በሩ ሁሌ ተማሪ ከሚሰለፍበት ከሬጅስትራሩ ፊት ለፊት ነው። ተማሪው ‹የነካ ነካ ቢሮ› ይለዋል፤ ያበደ የሚገባበት ማለቱ ነው። በሩ ጋ ስንደርስ ከሰልፉ አንዱ ‹ዶክተር፣ ምን ትሠራለህ እዚህ? ልትቀጠር ነው?› አለው። እሱም ሳቀና ‹አዎ› አለ። ተመለስን። ከዚያ ወዲያ የቢሮውን ስም እንኳ እንዳነሣበት አልፈቀደም።»

ሽቦ ወደ ቤቱ በር አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከተባረረ ዓመት አልፎታል ጋሼ።»

«ማን?»

«እሱ። ውጤቱ ወረደ። አልጋውን ለሌላ ልጅ ሰጡት፤ እኛ ክፍል ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፍንለት። ጠዋት ጠዋት ጋውኑን ለብሶ ይወጣል፣ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ይላል። እርስዎ ሲደውሉ ጋውኑን ፈልጎ ሳይለብስ ስልክ አያነሣም። ‹አለዚያ ድምፄ ያስታውቅብኛል› ይለን ነበር። እንስቅበት ነበር።»

የሰፊው እጅ የራሱን ኮት ጫፍ ያዘ፤ ስፌት እንደሚፈትሽ ሰው ጠርዙን በጣቶቹ መሐል አሸው።

«የዚያን ዕለት ጠጥቶ መጣ። ተኛ። ‹ተዉት፣ እንቅልፍ ካገኘማ ይተኛበት› አልን። ብርድ ልብስ ደረብንለት። በጀርባው ነበር የተኛው።» ሽቦ መቆንጠጫውን ከገመዱ ነቀለው። «እኛ እኮ የሕክምና ተማሪዎች ነን። እንዲህ ያለውን ሰው በጎኑ አስተኙ የሚለውን ለፈተና ሸምድደነዋል። ያን ዕለት ግን የተኛው እሱ ነበረ እንጂ ፈተና አልነበረም፤ አልመጣልንም።»

*

ለመጨረሻ ጊዜ ቤት የመጣው ለዕረፍት ነበር። «አባዬ፣ ሱሪዬን አጥብብልኝ» ብሎ መኪናው አጠገብ ቆመ። ሰፊው ወገቡን በሜትር አዞረውና ሳሙናውን አንሥቶ ጨርቁ ላይ ምልክት አደረገ። ባለፈው ዕረፍትም አጥብቦለት ነበር፤ የድሮው ስፌት ከአዲሱ ምልክት ራቅ ብሎ ይታያል።

«ምንድን ነው የሚያበሏችሁ? ወረቀት ብቻ?»

ልጁ ሳቀ። አፉ ውስጥ ማስቲካ ነበር፤ ከመጣ ጀምሮ ከአፉ አልጠፋም። ሰፊው ዓይኑ ስለደከመ በመርፌ ክር የሚያስገባለት ልጁ ነበርና መርፌውንና ክሩን አቀበለው። ክሩ ቀዳዳውን ስቶ ወዲያና ወዲህ አለ፤ የልጁ ጣቶች ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ኧረ ጉድ! በዚህ እጅህ ቀዶ ጥገና ገብተህ የሰው ኩላሊት መሬት እንዳትጥል።»

ልጁ አሁንም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ መጣ፣ ከሌላ ክፍል እንደተጠራ ሰው። ክሩን አስገብቶ መርፌውን ሰጠና፦

«አባዬ፣ ዶክተር አትበሉኝ በቃ» አለ።

«ታዲያ ምን እንበልህ? ነርስ?»

«ምንም። በስሜ ጥሩኝ።»

«ስምህንማ ረሳነው!» አለ አባት፤ በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀበት።

ልጁ አንድ ነገር ሊጨምር ከንፈሩን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ ገባችና «ዶክተር መጣህልኝ? እቺን ጉልበቴን እያት እስቲ» አለች። ልጁ የከፈተውን አፍ ዘግቶ በርከክ አለ። ጉልበቷን በሁለት እጁ ይዞ «ደረጃ መውጣት ይቀንሱ እማማ» አላት። ሰፊው ደስ ብሎት ሱሪውን አጠበበ። ትርፉን ጨርቅ አልቆረጠውም፤ ሲወፍር እለቅለታለሁ ብሎ ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋበት። ስፌቱ ከውጭ አይታወቅም ነበር። እንዲያውም ኮርቶበት ነበር።

*

ሰፊውና ሽቦ ከጓሮ ሲመለሱ ዳይሬክተሩ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመው ንግግር ይዘው ነበር። የሰልፍ ሥነ ሥርዓት ትዝ ብሏቸው ይሁን አይታወቅም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል።

«እንግዲህ ዶክተራችንን ተነጥቀናል» አሉ። «ግን ይህ ቤት ያለ ዶክተር አይቀርም። እቺ ልጅ የመግቢያ ፈተናውን በምን ያህል ውጤት እንዳለፈች ታውቃላችሁ። ለቅሶው ሲያልፍ ወንድሟ ወደነበረበት ትሄዳለች። እሱ የጀመረውን እሷ ትጨርሳለች።» ሻይ ይዛ የቆመችውን የሚጣን ትከሻ ያዙ። «ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር እሷ ናት!»

«አሜን!» አለ ሾፌሩ። «በይ ዶክተር፣ አንድ ድገሚኝ።»

ከለቅሶው ወዲህ ያልተሰማ ሳቅ በክፍሉ ዞረ። እናትየውም ሳትቀር ጥግ ሆና በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች።

«ምነው ዝም አልሽ ዶክተር?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እሺ ጋሼ» አለች ሚጣ። ፈገግታዋ ትንሽ ዘግይቶ መጣ።

ሰፊው ያቺን መዘግየት አወቃት።

«አትበሏት» አለ።

ድምፁ ስላልወጣ የሰማው ሽቦ ብቻ ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። «ዶክተር አትበሏት።»

«ታዲያ ምን እንበላት?» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ግማሽ ሳቃቸው አፋቸው ላይ እንዳለ።

ሰፊው ለልጁ የመለሰው የገዛ ራሱ ቃል ነበር። ከሰው አፍ ሲሰማው ምን ያህል በር እንደሚዘጋ ያኔ ገባው።

«ልጄ ልብ አልነበረበትም» አለ ወደ ሚስቱ እያየ። «ልቡ ደህና ነበር። እንቅልፍ አጥቶ፣ ጨንቆት፣ ሲጠጣ ነው የኖረው። ጠጥቶ ነው የሞተው። ዶክተርም አልነበረም፤ ከተባረረ ዓመት አልፎታል። እኛ እንዳናውቅ ጋውን እየለበሰ ስልክ ያነሣልን ነበር።»

«ሐዘኑ ነው የሚያናግረው» አሉ ዳይሬክተሩ ፈጠን ብለው። «ውሃ ስጡት።»

«ውሃ አልፈልግም። ጋሼ፣ ልብ በሉ አሉን፤ አልን። በሕይወት ሳለ ልብ ብለነው ቢሆን ኖሮ…»

አልጨረሰውም። ሾፌሩ ሻዩን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አንዱ ሰዓቱን አየ፤ ሌላው ልጅ ከትምህርት ቤት መውሰድ እንዳለበት ትዝ አለው። «ያጽናችሁ» እያሉ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጡ፤ መጠጥና ጭንቀት በእጅ የሚተላለፍ ይመስል ማንም እጁን አልዘረጋም። በልብ የሞተውን ሲያለቅሱለት የሰነበቱት ሰዎች በመጠጥ ለሞተው አንድ እንባ አልተረፋቸውም። ባለሱቋ ብቻ እንደ መነሣት ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«የእኔም ትልቁ ማስቲካ አብዝቷል፤ ለካ ሽታ ሊሸፍን ነው» አለች። ማንንም አላየችም። ከዚያ ጫማዋን በትክክል ሳታጠልቅ እየጎተተች ወጣች።

እናትየው ሽቦን በጣቷ ጠራችው። ፊቷ በርከክ አለ።

«በርዶት ነበር?»

«አልበረደውም እትዬ። ብርድ ልብስ ደርበንለት ነበር።»

«ብቻውን ነበር?»

«አይ። ሁላችንም ነበርን።»

«ሁላችሁም» አለች፤ ቃሉን እንደማታውቀው ቋንቋ ደገመችው። ከዚያ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«የሚጣን ደረት ሳዳምጥ ቆመህ ታየኝ ነበር።»

ሰፊው ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ይህን ሁሉ ቀን፣ ከእኔ ወገን መጣበት እያልኩ ራሴን ስቆላ፣ ቆመህ ታየኝ ነበር።» ተነሣች። ግድግዳውን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና መቀርቀሪያውን ወረወረችው። በዚያ ቤት ያ በር ተቀርቅሮ አያውቅም።

«ረካህ?» አሉ ዳይሬክተሩ ባርኔጣቸውን እያነሡ። «ልጁን ሁለተኛ ገደልከው። የልጅቷንም ስም አጠፋህ።» ሽቦን በክንዱ ይዘው፣ አስነሥተው፣ አስከትለውት ወጡ።

ክፍሉ ውስጥ ባዶ ወንበሮች ፊት ለፊት ተፋጠው ቀሩ። ሚጣ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። መኪናው ላይ ያሉትን አነሣች፤ ወለሉ ላይ ያሉትን አነሣች። ከዚያ ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«እኔም እዚያ መሄድ እፈራለሁ።» ትሪው ላይ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ይነካኩ ነበር። «ከፈተናው በፊት ጀምሮ ነው። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጥብኛል፤ እማዬ ስታዳምጠኝ የሰማችብኝ መስሎኝ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሁላችሁም እየጨፈራችሁ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።»

ቀልዱ ተነሣ። ልጆቹ ባለቀሱ ቁጥር እንደሚነሣው፣ ሳይጠራ፣ ከጉሮሮው ተነሥቶ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ያስቃት ነበር። ብትስቅ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሰፊው መዳፉን አፉ ላይ አደረገና ጫን አለው። በሌላው እጁ አጠገቡ ያለውን ወንበር ስቦ ወደ ራሱ አዞረላት። ሚጣ ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

እሱ መዳፉን አላነሣም። በዓይኑ ብቻ «ከዚያስ?» አላት።